መኪናው ሮቤ፣ ፋይሉ አዲስ አበባ

ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ በሞጆና በባቱ አድርጎ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ኮፈሌን፣ ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን አልፎ የሚሄድ ሰው ማለዳ ከተነሳ ሳይመሽ ሮቤ ይገባል፡፡ በአሰላ በኩል የሚያቀናውም እንዲሁ፡፡ ጎባ ለመድረስ ከዚያ በኋላ የሚቀረው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፡፡ አዲስ አበባ ላይ ከግለሰብ ያገለገለ መኪና ገዝቶ በዚህ መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ የባሌ ሰው ስንት የክልል ወሰን የሚያቋርጥ ይመስላችኋል? አንድ ብቻ ነው፡፡ እሱም ሩቅ አይደለም፤ አቃቂ ቃሊቲን እንደለቀቀ የሚያገኘው ነው፡፡ ገላን ላይ ኦሮሚያ ከገባ በኋላ ጎባ እስኪደርስ ሌላ ክልል አይረግጥም፡፡

መኪናው ያንን ወሰን በሰከንዶች ውስጥ ያልፈዋል፡፡ የመኪናው ፋይል ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል፡፡ ጨርሶ ሳይሻገር የሚቀርበት ጊዜም አለ፡፡ ገዢው ገንዘቡን ከፍሏል፤ ቁልፉን ይዟል፤ ዘይት ይቀይራል፤ ጎማ ይገዛል፤ ቦሎ ያድሳል፡፡ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ግን ዛሬም አዲስ አበባ የሚኖረው የሻጩ ስም ነው፡፡ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ይህ በመኪናውና በፋይሉ መካከል ያለው ክፍተት ነው፡፡ ከሩቅ ሲያዩት ተራ የቢሮ ምልልስ ይመስላል፡፡ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን የገዢውን ንብረት፣ የሻጩን ኪስና በመኪና አደጋ የተጎዳን ሰው ካሣ በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ የሚጥል ነው፡፡

ገበያው ለምን አዲስ አበባ ሆነ?

የባሌ ደጋ መኪና የሚፈልግ አገር ነው፡፡ ሲናና፣ አጋርፋና ጋሰራ ስንዴ በኮምባይነር የሚታጨድባቸው ወረዳዎች ናቸው፡፡ የአካባቢው ገበሬ ‹‹ጋና›› እና ‹‹ቦና›› በሚላቸው ሁለት የምርት ወቅቶች ያመርታል፡፡ ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጎባ ላይ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፡፡ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ እንግዳ ይዞ ዲንሾና ሳነቴ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ይበዛል ተብሎ ይጠበቃል፡፡ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ሐኪሙና አስጎብኚው ሁሉም ጥሪቱ ሲፈቅድለት መኪና ይፈልጋል፡፡ ሰፊው ያገለገለ መኪና ገበያ ያለው ግን አዲስ አበባ ነው፡፡ ምርጫውም፣ ደላላውም፣ መለዋወጫውም እዚያው ነው፡፡

የቅርብ ዓመታት ፖሊሲዎች ይህንን ገበያ ይበልጥ አጥብቀውታል፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ፡፡ ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ማድረግ ነበር፡፡ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፡፡ የሦስቱ እርምጃዎች ጥቅምና ጉዳት ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው፡፡ ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው ውጤታቸው ነው፤ ቀድሞ አገር ውስጥ የገባው ቪትዝ፣ ኮሮላና ሃይሉክስ ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉም ቀጠለ፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ጥሩ ነው፡፡ 430 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ግን ገና ብዙ ጥያቄ ያለበት ነው፡፡ ስለዚህ የሮቤው ገዢ ለጊዜው የሚተማመነው ያገለገለ የነዳጅ መኪና ላይ ነው፡፡

እንዲህ ያለው መኪና ዛሬ የአንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው፡፡ የዕድሜ ልክ ቁጠባ የሚፈስበት ንብረት ደግሞ በማን ስም እንደተመዘገበ ማወቅ ቅንጦት አይደለም፡፡

ከውሉ እስከ ሰሌዳው

በወረቀት ሲታይ ሥራው ረጅም አይደለም፡፡ ሻጩ ሊብሬውን ያቀርባል፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፡፡ መኪናው ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑ ከመዝገቡ ይረጋገጣል፡፡ የቴክኒክ ምርመራ ይደረጋል፡፡ ዋጋ ይገመታል፡፡ ሻጭና ገዢ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ ቀርበው ውሉን ይፈርማሉ፡፡ የቴምብር ቀረጥ ይከፈላል፤ የ1990 ዓ.ም. የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ለባለቤትነት ሰነድ የደነገገው ሁለት በመቶ ነበር፡፡ ከዚያ የስም ዝውውር ይከተላል፡፡ መኪናው የሚኖረው ሌላ ክልል ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ከነበረበት ወጥቶ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ይላካል፤ አዲሱ መሥሪያ ቤት ተቀብሎ ይመዘግባል፡፡

ከእነዚህ እርከኖች ውስጥ ትርፍ የሚባል የለም፡፡ የቴክኒክ ምርመራው ለሰው ሕይወት ነው፡፡ የዕዳና ዕገዳ ማጣሪያው ለባንክና ለፍርድ ባለመብት ነው፡፡ የሰነዶች ማረጋገጫው ሐሰተኛ ፊርማን ለመከላከል ነው፡፡ የትዳር ሁኔታ ማስረጃ መጠየቁ እንኳን ምክንያት አለው፡፡ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፡፡ ዛሬ በ500 ብር የመኪና ጎማ እንኳን አይገዛም፡፡ ስለዚህ ማንኛውም የትዳር የጋራ መኪና በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል፡፡ ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፡፡

ችግሩ ያለው ቦታውና ጊዜው ላይ ነው፡፡ ገዢው የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዶ ከሮቤ የመጣ መምህር ነው እንበል፡፡ የመጀመሪያውን ቀን መኪና ሲያይ ይውላል፡፡ ሁለተኛውን ቀን መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ ከሻጩ ጋር ይከራከራል፤ ይስማማል፡፡ በሦስተኛው ቀን የዕዳና ዕገዳ ማጣሪያውን ለማግኘት ወረፋ ይይዛል፡፡ ሲስተም የለም ይባላል፡፡ አራተኛው ቀን ዓርብ ነው፡፡ ከዚያ ወዲያ ያለው ተማሪዎቹ የሚጠብቁት ሰኞ ነው፡፡ የስም ዝውውሩ ቢሳካለት እንኳን የፋይል ዝውውሩ ሌላ ጉዞ ይጠይቃል፡፡ ፋይሉ አዲስ አበባ ‹‹ወጥቷል›› ተብሎ ሮቤ ‹‹አልደረሰም›› ሲባል፣ መሀል ላይ የት እንዳለ የሚነግረው ሰው የለም፡፡ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የሚጋሩት መዝገብ ቢኖር ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር፡፡

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው እንቅፋት አለ፤ የስም አጻጻፍ፡፡ የአዲስ አበባው ሊብሬና ውል የሚጻፈው በአማርኛ ነው፡፡ የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ የገዢው የቀበሌ መታወቂያ በቁቤ የተጻፈ ነው፡፡ ባሌ ውስጥ እጅግ የተለመደ አንድ ስም አንዱ ‹‹መሐመድ››፣ ሌላው ‹‹ሙሐመድ››፣ ሦስተኛው ‹‹ሞሀመድ›› ብሎ ይጽፈዋል፡፡ አንድ የማውቀው ሰው ፋይሉ ከደረሰ በኋላ በአንዲት ፊደል ልዩነት ምክንያት ‹‹አንድ ሰው ስለመሆኑ›› የሚል ማስረጃ ለማምጣት ተመልሶ መጓዝ ግድ ሆኖበታል፡፡ አንዲት ፊደል 860 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ አስኬደችው ማለት ነው፡፡ ሁለቱም ቋንቋዎች ሕጋዊ ናቸው፤ ጥፋተኛ የሚባል ጸሐፊም የለም፡፡ ጥፋቱ አንድን ሰው በቁጥር ሳይሆን በሆሄ የሚለይ አሠራር ላይ ነው፡፡

ውክልና የሽያጭ ውል አይደለም

ሰው እንዲህ ያለ መንገድ ሲገጥመው አቋራጭ ይፈልጋል፡፡ የአገራችን የመኪና ገበያ ያገኘው አቋራጭ ውክልና ነው፡፡ ሻጩ ገንዘቡን ይቀበልና ገዢውን መኪናውን እንዲነዳ፣ እንዲያስተዳድር፣ እንዲሸጥና እንዲለውጥ ሙሉ ውክልና ይሰጠዋል፡፡ ደላላው ‹‹ከሽያጭ አይለይም፤ ሲመችህ ስሙን ታዞራለህ›› ይላል፡፡ ቀረጡም ለጊዜው ይቀራል፡፡ ገዢው በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ ወደ ባሌ ይጓዛል፡፡

በሕግ ግን ይለያል፤ ያውም በጣም፡፡ ውክልና ማለት በሌላ ሰው ስም ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ ሥልጣን ነው፡፡ ተወካይ ባለቤት አይደለም፡፡ እንዲያውም ወረቀቱ ራሱ መኪናው የሌላ ሰው መሆኑን የሚመሰክር ነው፡፡ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2232 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፡፡ አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ድንገት ቢያርፍ ሮቤ ያለው ገዢ የያዘው ወረቀት በዚያው ቀን ኃይሉን ያጣል፡፡ ከዚያ በኋላ የሚነጋገረው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ነው፡፡ ወራሾቹ ቅኖች ከሆኑ መልካም፡፡ ካልሆኑ መዝገቡ የሚናገረው ለእነሱ ነው፡፡

አደጋው ሞት ብቻም አይደለም፡፡ ሻጩ ዕዳ ካለበት ገንዘብ ጠያቂው በስሙ የተመዘገበ ንብረት ያሳግዳል፤ መኪናው በስሙ ነውና አብሮ ይታገዳል፡፡ ሻጩ ቢፋታ መኪናው የባልና ሚስት ንብረት ተብሎ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፡፡ ሻጩ የማይታመን ሰው ከሆነ ውክልናውን ሽሮ መኪናውን ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል፡፡ ገዢው በዚህ ሁሉ ያለው መከራከሪያ ‹‹ገንዘብ ከፍያለሁ›› የሚል ነው፤ ይህንንም ማስረዳት የሚችለው የከፈለበት ሰነድ ካለው ነው፡፡ ብዙዎች ግን የሽያጩ ገንዘብ በውክልናው ላይ እንዳይጻፍ ይስማማሉ፡፡ ምክንያቱም የተጻፈ ገንዘብ ቀረጥ ይስባል፡፡ በሁለት በመቶ ለመዳን ሲባል መቶ በመቶውን አደጋ ላይ መጣል ይሉታል ይህንን ነው፡፡

አበው ‹‹የሰው ወርቅ አያደምቅ›› የሚሉት ለጌጥ ነበር፡፡ ዛሬ በሰው ስም ለሚነዳ መኪናም ይሠራል፡፡

ሻጩም ነፃ አልወጣም

ስለ ገዢው ብዙ ይባላል፡፡ ስለ ሻጩ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው፤ ሻጩ ራሱም አያስብም፡፡ ገንዘቡን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፡፡

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 ግን የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳን ኃላፊነቱ አይቀርም፡፡ ጥፋት መሥራቱ መረጋገጥ አያስፈልግም፤ ባለቤት መሆኑ ይበቃል፡፡ ከዚህ ኃላፊነት ከሚያድኑት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው፡፡ በውክልና ያስረከበ ሻጭ ደግሞ ተሰረቅሁ ማለት አይችልም፤ ፊርማው ይመሰክርበታል፡፡

አሁን አዳባ ወይም ዶዶላ አቅራቢያ አንድ እግረኛ ተገጨ እንበል፡፡ የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግዴታ ነው፤ መድኑ ግን የሚከፍለው በተወሰነለት ጣሪያ ነው፡፡ የተጎጂው ቤተሰብ ከዚያ በላይ ያለውን ካሣ ለመጠየቅ ባለቤቱን ይፈልጋል፡፡ የመኪናው መዝገብ የሚሰጠው ስም መኪናውን ከዓመታት በፊት የሸጠ፣ ባሌን አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ስም ነው፡፡ እሱ ‹‹ሸጫለሁ›› ይላል፤ ተወካዩ ‹‹ባለቤት አይደለሁም›› ይላል፡፡ ሁለቱ እየተወራወሩ የጉዳት ካሣ ክስ የሚቀርብበት የሁለት ዓመት ይርጋ ይሮጣል፡፡ ተጎጂው ገበሬ በዚህ ክርክር ውስጥ ምንም ጥፋት የለበትም፡፡ ውክልናም አልጻፈም፤ ቀረጥም አልሸሸም፡፡ ዋጋውን አስቀድሞ የሚከፍለው ግን እሱ ነው፡፡

በዚህ ምክንያት ነው የፋይል መዘግየትን ‹‹የባለጉዳይ መጉላላት›› በሚል ቃል ብቻ መግለጽ የማይበቃው የምለው፡፡ መዝገብ እውነቱን መናገር ሲያቆም በመዝገቡ ላይ የቆመው ሕግ ሁሉ አብሮ ይሳሳታል፡፡

ጉዳዩ የፌዴራሊዝም ነውን?

አንዳንድ ሰዎች ይህንን ችግር ሲሰሙ ወዲያውኑ ወደ ክልል አደረጃጀቱ ይጠቁማሉ፡፡ ሰሌዳ ላይ ለረጅም ዓመታት ‹‹አአ››፣ ‹‹ኦሮ››፣ ‹‹አማ›› እየተባለ መጻፉም ለዚህ ክርክር አመቺ ነበር፡፡ እኔ ግን ‹‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን›› እንዳይሆንብን እሰጋለሁ፡፡

ሕገ መንግሥቱ በዚህ ረገድ የሚከለክለው ነገር የለም፤ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው፡፡ አንቀጽ 32 በአገሪቱ ውስጥ በነፃ የመንቀሳቀስና የመኖሪያ ቦታን የመምረጥ መብት ይሰጣል፡፡ አንቀጽ 40 ንብረትን የማፍራት፣ የመጠቀምና በሽያጭ የማስተላለፍ መብትን ያረጋግጣል፡፡ አንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችንና በክልሎች መካከል የሚደረግ ንግድን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል፡፡ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002ም አገር አቀፍ ሕግ ነው፡፡ የሮቤው መኪናና የቦሌው መኪና የሚመዘገቡት በአንድ አዋጅ ነው፡፡

ሕጉ አንድ ከሆነ የተለያየው ምንድን ነው? መደርደሪያው ነው፡፡ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ፋይል በራሱ ክፍል ያስቀምጣል፤ የሌላውን አያይም፡፡ ይህ ከሥልጣን ክፍፍል የመጣ ሳይሆን ከካርቶን ፋይል ዘመን የወረስነው ነው፡፡ እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ እንኳን ፋይል ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር የሚደርሰውን ምልልስ የሚያውቅ ያውቀዋል፡፡ ስለዚህ ‹‹አአ›› የሚለው ጽሑፍ ከሰሌዳው ተነስቶ አንድ አገር አቀፍ ምልክት ቢተካ መልካም ነው፤ ገዢው መኪናው ‹‹የየት ነው›› ከሚል ጥያቄ ይድናል፡፡ ነገር ግን ሰሌዳው ተለውጦ መደርደሪያው እንዳለ ከቀረ የሮቤው መምህር መመላለሱ አይቀርም፡፡

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፡፡ ከእኛ ጋር የሚመሳሰለው የህንድ ነው፡፡ በህንድ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው የሞተር ተሽከርካሪዎች ሕግ መሠረት መኪናውን ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት የወሰደ ሰው ከ12 ወር በላይ እዚያ ካቆየው እንደገና ማስመዝገብ አለበት፤ ከቀድሞው መሥሪያ ቤትም ‹‹ተቃውሞ የለንም›› የሚል ማረጋገጫ ማምጣት ይጠበቅበታል፡፡ ህንዶች በዚህ ምልልስ ለአሠርት ዓመታት ሲማረሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወሩ ሠራተኞች በመላ አገሪቱ የሚሠራ ‹‹ቢኤች›› የሚባል ሰሌዳ አወጡ፡፡ ለሁሉም ሰው አልደረሰም፤ ግን መንገዱን ከፈተ፡፡

ጀርመን ፌዴራላዊት አገር ናት፤ ሰሌዳዋም የአውራጃ መለያ አለው፡፡ ይሁንና ከእ.ኤ.አ. ጥር 2015 ጀምሮ መኖሪያውን ወደ ሌላ አውራጃ የሚቀይር ባለመኪና የቀድሞ ሰሌዳውን ይዞ መቀጠል ይችላል፡፡ የሚለወጠው መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ ነው፡፡ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ወቅት የመኪና መዝገብ የሚያዘው በየአካባቢው ምክር ቤት ነበር፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ስዋንሲ ከተማ ወዳለ አንድ ማዕከል ተሰበሰበ፡፡ በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን የባለቤትነት ሰነድ ይሰጣል፡፡ የተሰረቀ መኪና በአንዱ ግዛት ጠፍቶ በሌላው በአዲስ ሰነድ መወለዱ ሲያስቸግር እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ የግዛቶቹ መዝገቦች የሚነጋገሩበት ብሔራዊ የመረጃ ሥርዓት እንዲቋቋም አዘዘ፡፡

ከእነዚህ አገሮች ፌዴራላዊ የሆኑት ፌዴራሊዝማቸውን አላፈረሱም፡፡ ያደረጉት ነገር መዝገቦቻቸው እንዲተያዩ ነው፡፡

ምን ይደረግ?

አገራችን ለዚህ የሚሆን መሠረት የላትም ማለት አይቻልም፡፡ ለተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አገር አቀፍ መዝገብ እንዲኖር በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል፤ መዝገቡም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል፡፡ ለሰው ልዩ መለያ ቁጥር የሚሰጠው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ጸድቋል፡፡ ሰው በቁጥር ከታወቀ የ‹‹መሐመድ›› እና የ‹‹ሙሐመድ›› ጉዳይ ያበቃለታል፡፡ መኪና ደግሞ ሲወለድ ጀምሮ ቁጥር አለው፡፡ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከፋብሪካው እስከ ሮቤ አይለወጥም፡፡

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፡፡ አንደኛ፣ የመኪና መዝገብ ከመሥሪያ ቤት ተላቆ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ይታሰር፤ የትኛውም ክልል ያለ መዝጋቢ ያንኑ መዝገብ ከፍቶ ይይ፣ በሥልጣኑ ልክም ይጻፍበት፡፡ ሁለተኛ፣ የሽያጭ ውሉ በተረጋገጠበትና ቀረጡ በተከፈለበት ቅጽበት የባለቤትነት ስሙ አብሮ ይለወጥ፡፡ ገዢው ከሰነዶች ማረጋገጫ ሲወጣ ባለቤት ሆኖ ይውጣ፤ የአድራሻና የሰሌዳ ጉዳይ በኋላ በሚኖርበት ከተማ ይጨረስ፡፡ ሦስተኛ፣ ገዢው መኪናውን ወደ ቤቱ የሚያደርስበት የተወሰነ ጊዜ ያለው፣ በሁሉም ክልል ትራፊክ ፖሊስ የሚታወቅ የመሸጋገሪያ ፈቃድ በዚያው ዕለት ይሰጠው፡፡

የሚነሳ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፡፡ ፋይሉ በእጅ ካልተመረመረ የተሰረቀና በኮንትሮባንድ የገባ መኪና ያልፋል ይባላል፡፡ ስጋቱ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን ሌባን የሚጠቅመው የማይነጋገር መዝገብ እንጂ የሚነጋገር መዝገብ አይደለም፡፡ ክልሎች ገቢ ያጣሉ የሚልም አለ፡፡ ዓመታዊው ክፍያ መኪናው የሚኖርበት ክልል ይግባ፤ ይህንን ለማስላት ኮምፒዩተር አያቅተውም፡፡ እንዲያውም ዛሬ ገቢ የሚያጣው ኦሮሚያ ነው፡፡ የሮቤን መንገድ የሚጠቀመው መኪና የሚመዘገበው አዲስ አበባ ነውና፡፡

ቀረጡንም መልሶ ማሰብ ያስፈልጋል፡፡ ሰው በውክልና የሚሸሸው ምልልሱን ብቻ አይደለም፤ ክፍያውንም ነው፡፡ የመኪና ዋጋ ሚሊዮኖችን በሚቆጥርበት ዘመን የዋጋ መቶኛ ሆኖ የሚታሰብ የዝውውር ቀረጥ ለመምህር የወራት ደመወዝ ነው፡፡ ዝቅ ያለና ሁሉም የሚከፍለው ቀረጥ፣ ከፍ ብሎ ብዙዎች ከሚሸሹት ቀረጥ የተሻለ ያስገባል፡፡

እስከዚያው ድረስ

ሥርዓቱ እስኪስተካከል መኪና መግዛት አይቆምም፡፡ ስለዚህ ወደ ባሌ መኪና ይዞ ለሚመለስ ሰው ጥቂት ምክር ልስጥ፡፡

ውክልና የግድ ካስፈለገ ከሽያጭ ውል ጋር እንጂ በሽያጭ ውል ፋንታ አይሁን፡፡ ክፍያው በባንክ ይተላለፍ፤ የተከፈለው ገንዘብ በሙሉ ውሉ ላይ ይጻፍ፡፡ የሻጩ ባለቤት፣ ሚስት ትሁን ባል፣ ትፈርም ወይም ይፈርም፡፡ የዕዳና ዕገዳ ማጣሪያው የሚታየው ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው፡፡ መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሎ ካላለቀ አትንኩት፤ እንደነዚህ ያሉ ፒክአፖች እርሻ ባለበት አገር ሁሉ ይሸጣሉ፡፡ ስም ሳይዞር ፋይል ማዛወርም፣ መጓዝም ይቆይ፡፡ ሻጮችም ብትሆኑ መኪናችሁ ከስማችሁ መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ሳትይዙ ‹‹ሸጫለሁ›› አትበሉ፡፡

አንድ ነገር ልጨምር፡፡ አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ የተሞከረ መኪና ገና አልተሞከረም፡፡ ከጎባ ተነስቶ በሳነቴ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፡፡ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከነበረው ጉልበት ሲሶውን ያህል ያጣል፡፡ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የደከመ ባትሪን ያጋልጣል፡፡ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ፍሬንን ይፈትናል፡፡ የሽያጭ ሕጋችን ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፡፡ የተደበቀውን ጉድለት ከሦስት ወር በኋላ ሳነቴ ላይ ያገኘ ሰው ክሱን ይዞ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ዘግይተሃል የሚል መልስም ይጠብቀዋል፡፡ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቢያንስ እንጦጦን አስወጧት፤ ሌሊቱን ውጭ አሳድራችሁ ጠዋት ራሳችሁ አስነሷት፡፡

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ዜጋው በራሱ ጥረት የመንግሥትን ክፍተት የሚደፍንበት ነው፡፡ አገሪቱ ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤና ጎባ አስፋልት አንጥፋለች፤ ብዙ ገንዘብም ወጥቶበታል፡፡ ለፋይሉ መንገድ መሥራት ከዚያ እጅግ ይረክሳል፡፡ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከክልሎች ጋር ተቀምጦ የጋራ መዝገብ የሚጀምርበትን ቀን ሊነግረን ይገባል፡፡ ቀኑ እስኪነገረን በየዕለቱ ገላንን የሚያልፈው መኪና ባለቤቱን ከኋላው እየተወ መሄዱን ይቀጥላል፡፡